የዘጠኝ ሰዓት ጥላ

የከተማችንን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁም ካርታ ላይ ስትፈልጉት ትውላላችሁ እንጂ አታገኙትም። ካርታ ሠሪዎቹ የመጡ ቀን ሕዝቡ በሙሉ ከቀትር ፀሐይ ሸሽቶ ዛፍ ሥር ተኝቶ ስለነበር፣ ሰው የማይኖርበት ጫካ መስሏቸው አልፈውት ሄዱ ይባላል። እውነት ይሁን ውሸት አላጣራሁም። እኔ የማውቀው ሥራዬን ነው። ሥራዬ ጥላ መለካት ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ጥላ ስለካ ኖሬ ጡረታ የወጣሁትም ከዚያው ነው።

ይሄን ስናገር የሚስቅ አይጠፋም። ይሳቅ። ያኔ ግን ጥላ ለኪ መጣ ሲባል ሰው ከመቀመጫው ብድግ ይል ነበር።

ነገሩ የጀመረው ሶላር በመጣ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት በኩራዝ ጭስ አፍንጫችን ጠቁሮ ነበር የምንኖረው። አንድ ዓመት ክረምቱ እንዳበቃ፣ በየቤቱ ቆርቆሮ ላይ ያ ሰማያዊ ሰሌዳ ተሰቀለልን። አይ የዚያን ሰሞን ደስታ። አምፖል የበራለት ሰው በሩን አይዘጋም፤ አላፊ አግዳሚው እንዲያይለት ወለል አድርጎ ከፍቶ ይቀመጣል። ጎረቤታችን የነበረ አንድ ሽማግሌ በጠራራ ፀሐይ አምፖሉን አብርቶ፣ ከሥሩ ወንበር አስጠግቶ፣ ቀና ብሎ ሲያየው ይውል ነበር። ሚስቱ ቀን ነው እኮ ብትለው፣ ቀንማ ዱሮም ነበረኝ ብሎ መለሰላት። ያን ጊዜ ሳስበው እስካሁን ሆዴ ይባባል።

ብዙ ሳይቆይ ግን ጭቅጭቅ መጣ። ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት ሶላር አላቸው፤ የአንዱ ቤት እስኪተኛ ድረስ ይበራል፣ የሌላው ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ድርግም ይላል። ዓይን በላው ያለም ነበር፤ ገጣጣሚው አድልቷል ብሎ ድንጋይ ያነሳም ነበር። ገላጋይ ሆነው የተገኙት ጋሽ ይመኑ የሚባሉ የእጅ ሰዓት ጠጋኝ ናቸው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲናገሩም ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ነበሩ። ከሩቅ ዘመዳቸው ቴስተር የሚሉትን ባለ ቀስት የኤሌክትሪክ መለኪያ ተውሰው፣ አሥራ ሁለት ሰው ምስክር አቁመው፣ ከዚያች ድርግም ከምትለው ቤት ጣሪያ ላይ ወጡ። የቴስተሩን ሽቦ ካገናኙ በኋላ መዳፋቸውን ከሰሌዳው አንድ ጥግ ላይ አሳረፉ። ቀስቷ ከመቶ ወደ ስልሳ ሰባት ወረደች። መዳፋቸውን ሲያነሱ ተመለሰች። ደግመው አሳረፉ፣ ደግማ ወረደች።

ከዚያ ለምስክሮቹ አስረዷቸው። ሰሌዳው በትናንሽ ሣጥኖች የተከፋፈለ ነው፤ ሣጥኖቹም ቤት ሲቃጠል ተሰልፎ ባልዲ እንደሚቀባበል ሰው ናቸው። አንዱ ባልዲውን ይዞ ከቆመ ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል። ስለዚህ መዳፍ የምታህል ጥላ ከወደቀች፣ የምትወስደው የመዳፍ ያህል ብቻ አይደለም፤ የሰልፉን ድርሻ ይዛ ትሄዳለች። የዚያች ቤት በሽታ ከጓሮ የበቀለች የኮክ ቅርንጫፍ ሆና ተገኘች።

ሌላ አገር ቢሆን ቅርንጫፏን ይቆርጧታል፤ ወይም ሰሌዳውን ሁለት ክንድ ፈቀቅ ያደርጉታል፤ ነገሩም እዚያ ላይ ያበቃል። እኛ ጋ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ።

የጥላ መሥሪያ ቤት ሦስት ፎቅ ነበር። ሲጠናቀቅ ጥላው አሥራ አራት ቤት ላይ ወደቀ። እነዚያ አሥራ አራት ቤቶች ላይ የወደቀው ጊዜያዊ ነው ተብሎ ተመዘገበ፤ ህንጻው እስከ ዛሬ አለ። ጋሽ ይመኑ ዋና ለኪ ሆኑ። እኔ ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም፤ ቆርቆሮ መቺ ስለነበርኩና ከፍታ ስለማልፈራ ረዳታቸው ተደረግሁ።

አሠራራችን እንዲህ ነበር። ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ ቀትር ላይ በስድስት ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ጣሪያ ላይ እንወጣለን። ሰሌዳው ላይ ያረፈውን ጥላ ዳር ዳሩን በጠመኔ እናሰምራለን፣ በሲባጎ እንለካለን፣ ቴስተሩን እናነባለን። ከዚያ ፎርሙ ላይ ጥላውን የጣለው ምን እንደሆነ፣ የማን እንደሆነ፣ ከመቶ ስንት እንደወሰደ ይጻፋል። የሚጻፈው ከሦስቱ የከፋው ነው። የከፋው ደግሞ ሁልጊዜ የዘጠኝ ሰዓቱ ነበር፤ በዚያ ሰዓት ዛፍ ሁሉ ጥላውን ዘርግቶ ወደ ጎረቤት ይሻገራል። ከአሥር በታች የወሰደ ምሕረት ያገኛል። አሥርና ከዚያ በላይ የወሰደ ሌባ ጥላ ይባላል፤ ባለቤቱም ያስቆርጣል። ሕጉ አጭር ነበር፤ ሁላችንም በቃላችን እናውቀው ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ባወራችሁ አይበቃኝም። ከጣሪያ ላይ ሆነህ ስታይ ከተማው ከቤቱ ዛፉ ይበዛ ነበር፤ ግራሩ፣ ብሳናው፣ ዋንዛው፣ ዘይቱኑ፣ ቆርቆሮው በመሃል በመሃል ብልጭ ይላል። የጠፋ ኳስ፣ የተወረወረ ጫማ፣ ተሰጥቶ የተረሳ በርበሬ፣ ሁሉንም የምናገኘው እኛ ነን። ስንወርድ ሰው በስማችን ጠርቶ ይቀበለናል። ሴቶቹ ቆሎ በሰፌድ አድርገው በመሰላሉ ያቀብሉናል። ጋሽ ይመኑ ደግሞ አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ጥላውን ከመለካታቸው በፊት ሄደው ይቀመጡበታል። ኮፍያቸውን አውልቀው፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ ትንሽ ያርፉና፣ ደህና ጥላ ነው ይሉኛል። ከዚያ ተነስተው ይለኩታል። ደህና ጥላ ነው ያሉት ሁሉ ከአሥር በላይ ይወጣ ነበር።

እና ተቆረጠ። መጀመሪያ ቅርንጫፍ ቅርንጫፉ፣ ቀጥሎ ግንዱ። ማንም አላስገደደንም፤ ይሄን በግልጽ ልንገራችሁ። ሁሉም ሰው መብራቱን ይፈልጋል፤ ጥፋተኛው ደግሞ ሁልጊዜ የጎረቤት ዛፍ ነው። የራሱ ዛፍ ሲቆረጥ ያለቀሰ ሰው የጎረቤቱ ሲቆረጥ ገመድ ሊያቀብል ይመጣል።

ዛፉ ሲሳሳ መሥሪያ ቤቱ ሥራ ፈታ ማለት አይደለም። የልብስ ማስጫ ገመድ ተለካ። የርግብ ቤት ተለካ፤ ርግቦቹ በባለቤታቸው ስም ተጻፉ፣ የዱር ወፎች ባለቤት አልባ በሚለው መዝገብ ገቡ። ዘለቀ የሚባል በጣም ረጅም ሰው ነበር፤ ምስኪን፣ ለማንም ክፉ የማያስብ፤ በመንገድ መሃል ለመሃል ብቻ፣ ያውም ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት እንዲሄድ ፈቃድ ተሰጠው። ጃንጥላ መያዝ አልተከለከለም፤ ታጥፎ ይያዝ ተባለ። የሠርግ ዳስ ቀረና ሙሽሮች እያላባቸው ተዳሩ። ደመናም ተከሰሰ። ሦስት ጊዜ መጥሪያ ወጥቶበት ስላልቀረበ በሌለበት ተፈረደበት። የፍርዱ ዕለት ዘነበ፤ መዝገብ ቤቱ ተከሳሹ ዘግይቶ ቀርቧል ብሎ ጽፎ ፋይሉን ዘጋ።

ጉዱ ግን ሌላ ነው። ዛፉ በየዓመቱ ይቀንሳል፣ መብራቱም በየዓመቱ ይቀንሳል። ሰው ሁሉ ዓይኑ እያየ ቤቱ እየጨለመበት ሄደ። መሥሪያ ቤቱ ለዚህ የሰጠው ምክንያት ጥላ መደበቅ ጀምሯል የሚል ነበር፤ ስለዚህ ለኪ ተጨመረ።

ጋሽ ይመኑ ዝም ብለው አልተቀመጡም። በአንድ ሚያዝያ ቀትር ላይ፣ አጠገቡ አንድም ጥላ የሌለበት ጣሪያ ላይ ወጥተን፣ ቴስተሩን ካነበቡ በኋላ አንድ ጆግ ውኃ ሰሌዳው ላይ አፈሰሱበት። ቀስቷ ወደ ላይ ተነሳች። ሰሌዳው ሲግል ይሰንፋል ማለት ነው። ቆርቆሮውን ያጋለው የዛፍ መጥፋት ነው፤ ሰሌዳው ላይ የሚነሰነሰው አቧራም ዛፍ ካልያዘው ባዶ መሬት የሚነሳ ነው። ይህን በግማሽ ወረቀት ጽፈው ወደ መሥሪያ ቤቱ ሹም ወሰዱት፤ እኔም ተከትያቸው ገባሁ።

ሹሙ አቶ ዘርጋው ይባላሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እንግዳቸውን እስከ በር ድረስ የሚሸኙ ጨዋ ነበሩ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ የእጅ ጽሕፈቱን አደነቁ። ከዚያ ይህ የሙቀት ጉዳይ ነው፣ እኛ የጥላ ነን አሉ። ለሙቀት ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት መቋቋሙ አይቀርም፤ ሲቋቋም ወረቀቱ በደብዳቤ ይተላለፍለታል። እስከዚያው ፋይል ውስጥ ተቀመጠ። ጋሽ ይመኑ በዚያው ዓመት ጡረታ ወጡ፤ ወደ ሰዓት ጥገናቸውም ተመለሱ።

የሚጠግኑት ግቢያቸው ውስጥ ዋንዛ ሥር ተቀምጠው ነበር። ዋንዛዋን የተከሏት ባገቡ ዓመት ነው። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ከዚያች ዛፍ ሥር ብዙም አይለዩም ነበር። ከሰዓት በኋላ ከሥሯ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ጥለው፣ በዚያች ቀጭን መቆንጠጫ ጤፍ የሚያህል ብሎን ሲያነሱ ብታዩዋቸው። እኔም ሥራ ስጨርስ ሄጄ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ሌላ ቦታ የሚቀመጡበት ጥላ አልቀረም ነበር፤ በከተማው ውስጥ የቀረችው ዛፍ እሷ ብቻ ነበረች።

የተረፈችበት ምክንያት ቀላል ነው። ጥላዋ የሚወድቀው በስተምሥራቅ ባለው ቤት ላይ ነው፤ ያ ቤት ደግሞ ሶላር አልነበረውም። ሶላር ላይ ያልወደቀ ጥላ አይቆጠርም። ኋላ ግን ቤቱን አሰገደች የምትባል ልብስ ሰፊ ገዛችው። ለኤሌክትሪክ የስፌት መኪናዋ ብላ ሶላር አሰቀለች። የሰቀሉላት ሰዎች ሕጉ ስለሚያስገድዳቸው በማግስቱ አስመዘገቡ፤ ጋሽ ይመኑ ግቢ ያለች ዋንዛ ትለካ የሚል ትእዛዝ ወጣ። ትእዛዙ የደረሰው ለእኔ ነው።

አሰገደች ነገሩን ስትሰማ ነጠላዋን ጣል አድርጋ መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሄደች። እኔ አልከሰስኩም፣ መኪናዬም እንደሆን ይሠራል፣ ዛፏ ቤቴንም ታቀዘቅዝልኛለች፣ ተዉልኝ ብላ ለመነች። ቃሏ ተመዘገበላት። የተመዘገበው ተጎጂዋ በጥላው ተታልላለች ተብሎ ነው።

እኔ ደግሞ የራሴን ዘዴ ዘየድኩ። በስምንት ሰዓት እሄዳለሁ አልኩ። በስምንት ሰዓት ፀሐይ ገና አናት ላይ ስለሆነች ጥላው ሰሌዳውን ጫፉን ብቻ ነው የሚነካው። ፎርሙ ላይ ዘጠኝ ሰዓት ብዬ እጽፋለሁ፤ ማን ያየኛል? በሃያ ስምንት ዓመት ሥራዬ አንድም ቁጥር አልዋሸሁም፤ አንዲቱን ለጋሽ ይመኑ ብዋሽላቸው ምን አለበት አልኩ። ሌላ ነገር አልታሰበኝም፤ ዛፏ ብቻ ትትረፍላቸው።

መሰላሌን ይዤ ግቢያቸው ስገባ ከሥሯ ተቀምጠው ሰዓት ፈትተዋል። ለምን እንደመጣሁ ያውቃሉ፤ ተነስተው መሰላሉን በአሰገደች ግድግዳ ላይ ያዙልኝ። ወጣሁ፤ አሰመርኩ፤ ለካሁ። ከመቶ ሰባት። ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ እየተቻኮልኩ ወረድኩ። ጋሽ ይመኑ ፎርሙን ተቀብለው አዩት። ከዚያ ከኪሳቸው ሰዓታቸውን አወጡና እሱንም አዩት። ሰባት የሚለውን ቁጥር ሳይሆን ዘጠኝ የሚለውን በጣታቸው ነክተው፣ ቁጭ በል አሉኝ።

ቁጭ አልኩ። ዘጠኝ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ከዋንዛዋ ሥር ተቀመጥን። ከኖርኩት ዘመን ሁሉ አንድ ሰዓት ምረጥ ብትሉኝ ያችን ነው የምመርጠው። ነጭ አበባዋ ጭናችን ላይ፣ ፎርሙ ላይ፣ በተፈቱት የሰዓት ብሎኖች መሃል ይረግፋል። ስለ ዛፏ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። በቀን አምፖሉን አብርቶ ሲያይ ስለሚውለው ሽማግሌ አነሳን። አንድ ጊዜ መሰላል ወስደውብን ጣሪያ ላይ የዋልንበትን ቀን አነሳን። ባለቤታቸው በመጀመሪያ ደመወዛቸው ቴስተር እንጂ ቀሚስ አልገዙልኝም ብለው እንዴት እንዳኮረፉ ነገሩኝ፤ ሲነግሩኝ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ጥላው ግን እያየሁት በአጥሩ ላይ ወጥቶ ወደ አሰገደች ቆርቆሮ ይሄድ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እሳቸው ራሳቸው ወጡ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ በየመወጣጫው እያረፉ ሲወጡ ከሥር ሆኜ መሰላሉን ያዝኩ። እኔም ተከትዬ ወጣሁ። ቴስተሩን አነበቡና ወደ እኔ አዞሩት። ከመቶ አሥራ ሦስት።

አልጽፍም አልኳቸው። ሥራው ቢቀርብኝም ይቅር አልኩ።

"እኔና አንተ ስንት ዛፍ ጽፈናል?" አሉኝ።

አልቆጠርኩም አልኩ።

"እኔ ቆጥሬያለሁ። አራት ሺህ ስድስት መቶ ሁለት። የሁሉንም ጥላ በዘጠኝ ሰዓት ነው የለካነው። የሰውን ዛፍ በዘጠኝ ሰዓት ለክቼ የራሴን በስምንት ሰዓት አላስለካም። ጻፍ።"

ጻፍኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እሳቸው ልክ ነበሩ፤ እኔም ልክ ነበርኩ፤ ግን ጻፍኩ።

ቆራጮቹ በሳምንቱ መጡ። ደግ ልጆች ነበሩ፤ ኮፍያቸው ግንባራቸው ላይ ጥላ እንዳይጥል ተብሎ ጫፉ የተቆረጠ ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምረው እስከ ሰባት ሰዓት ቆረጧት። ጋሽ ይመኑ ግንዱ የአሰገደችን ቆርቆሮ እንዳይሰብር ገመዱን ይዘው እስከ መጨረሻው አብረዋቸው ቆሙ። ስትወድቅ ገመዱን ጠቅልለው አስረከቡና ወደ ቤት ገቡ። ከዚያ በኋላ ከማንም ጋር አልተነጋገሩም። ሰላምታ ለሰጣቸው ጭንቅላታቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ፤ ሰዓት ላመጣላቸው ተቀብለው ይጠግናሉ፤ ቃል ግን የለም።

ደንቡ ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ ምን እንደተገኘ ድጋሚ ይለካ ይላል። በዘጠኝ ሰዓት የአሰገደች ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ቆርቆሮው ጫማዬን ያቃጥላል። ዛፏ እያለች ሰሌዳው በዚያ ሰዓት ሰማንያ ሰባት ይሰጥ ነበር። አሁን ሰማንያ አራት ሰጠ። አቧራውን ጠርጌ ደግሜ ለካሁ፤ ያው ሰማንያ አራት። ጣሪያው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ፎርሙን ሳቀርብ አቶ ዘርጋው አስጠሩኝ። ሻይ አዘዙልኝ። ከዚያ በሚያሳዝን ድምፅ፣ ያስገኘው በሚለው ቦታ ላይ የቀነሰ ነገር መጻፍ እንደማይቻል፣ ቦታውም ለዚያ እንዳልተሠራ አስረዱኝ። ቁጥሩ ከቀነሰ ያልተገኘ ጥላ አለ ማለት ነው፤ ሄደህ ፈልገው አሉኝ። እስከ በሩም ሸኙኝ።

ሦስት ሳምንት ጥላ ፈለግሁ። አንድ ዛፍ በሌለበት ከተማ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከጣሪያ ጣሪያ እየወጣሁ። ፊቴ ተላጠ። በመጨረሻ አንድ አገኘሁ፤ ሰሌዳው ላይ ጎንበስ ብሎ ቴስተር የሚያነብ ሰው ጥላ፣ የራሴ ነበር። ለካሁት። ጥላውን የጣለው በሚለው ቦታ ለኪው ብዬ፣ ከመቶ አራት ብዬ ጻፍኩ። መሥሪያ ቤቱ አመሰገነኝ። ለኪዎች ከእንግዲህ ጣሪያ ላይ እንዳይወጡ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ጥላም ከዚያ ወዲህ ከቢሮ ሆኖ በግምት ይለካ ጀመር። ለእኔም ወንበር ተሰጠኝ። ሠላሳ አንዱን ዓመት የሞላሁት እዚያ ወንበር ላይ ነው።

ወንበሩ ላይ ግን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እግሬ አልረጋ እያለ አስቸገረኝ። የሚጠይቀኝም ስለሌለ ተነስቼ ወደ ጋሽ ይመኑ ግቢ መሄድ ጀመርኩ። እንደ ድሮው በርጩማቸው ላይ፣ እንደ ድሮው እዚያው ቦታ ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ፤ ያለ ዛፍ። ቤቱ በዚያ ሰዓት ስለሚግል ውስጥ መቀመጥ አይቻልም። ፀሐይዋ በቀጥታ ፊታቸው ላይ ነው፤ ዓይናቸውን አጥብበው፣ ላባቸው መነጽራቸው ላይ እየወረደ ብሎን ይፈልጋሉ። አጠገባቸው እቀመጣለሁ። አንድ ቀን ይቅርታ አልኳቸው። የሚጠግኑትን ሰዓት ወደ ጆሮአቸው አስጠግተው አዳመጡ። ተቀይመውኝ እንደሆነ፣ በራሳቸው ተቀይመው እንደሆነ ማወቅ አልቻልኩም። ሰው እንደዚያ አጠገብህ ተቀምጦ ይናፍቅሃል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን ልሄድ ብድግ ስል በስተምዕራብ በኩል በፊታቸው አለፍኩ። ጥላዬ ፊታቸው ላይ አረፈ። ግንባራቸውን ያ ሁሉ ጭምድድ ወዲያው ሲለቀው አየሁ። እጃቸውም ረጋ፤ የጠፋችውን ብሎን አገኟት። እኔም መሄዱን ትቼ ባለሁበት ቆምኩ። የሰዓቱን ክዳን እስኪገጥሙ ቆምኩ። በማግስቱም በዘጠኝ ሰዓት መጥቼ፣ ሳልቀመጥ፣ እዚያው ቆምኩ።

እንዲህ ስንል ሰነበትን። እሳቸው ይሠራሉ፤ እኔ እቆማለሁ። አሰገደች በመስኮቷ ታየን ኖሮ አንድ ቀን የስፌት መኪናዋ ድምፅ ቀጥ አለ። መጥታ ከጎኔ ቆመች፤ ነጠላዋንም ሁለት እጇን ዘርግታ ያዘችው። ጥላችን ሰፋ፤ ጉልበታቸው ድረስ ደረሰ። የጥላ መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ በበሩ ሲያልፍ አይቶን ገባ። መዝገቡን ከፈተ፤ ጥላው የወደቀበትን ሶላር ዞሮ ዞሮ ፈለገ፤ ሽማግሌው ብቻ ሲሆኑበት መዝገቡን ዘግቶ ወጣ።

ጋሽ ይመኑ የያዙትን ሰዓት ጨርቁ ላይ አስቀመጡ። መነጽራቸውን አወለቁና ቀና ብለው እኔን አዩኝ፣ አሰገደችን አዩ፣ ደግሞ እኔን አዩኝ። ዛፏ ከተቆረጠች ሰባት ወር ሆኗት ነበር።

"ትንሽ ወደ ግራ ና" አሉኝ። "አንድ ዓይኔ ላይ ፀሐይ አለ።"

ወደ ግራ ፈቀቅ አልኩ።

"በቃ፣ እዚያ ላይ ቁም።"

እዚያ ላይ ቆምኩ።